ሳላነብ ሳስነብብ

በሰማንያዎቹ አጋማሽ አርባ ምንጭ ውስጥ ከእኔ የበለጠ አንባቢ አልነበረም። ከሲቀላ መናኸሪያ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ሴቻ የሚወጣ ሰው «ምን ላንብብ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ትልቅ ትንሹ ጣቱን የሚቀስረው ወደ እኔ ነበር። ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ርዕስ ብቻ ለመጻፍ ዓባያ ሐይቅ በሙሉ ቀለም ቢሆን አይበቃም፤ ከጫሞም መበደር ያስፈልጋል ይባል ነበር።

ይባል ነበር ስል ባዩ እኔው ነኝ።

እውነቱን ላውጣውና ልገላገል። በዚያ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካነበብኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አንብቤ ሳልጨርስ ስኳሩን የማልነካ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ቀብር ይዞኝ መሄድ አቁሞ ነበር፤ ሬሳው ገብቶ፣ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ እኔ ገና የሦስተኛውን ሰው መቃብር ጽሑፍ ስለማነብ። ይህን ሁሉ ፍቅር የገደለብኝ የውይይት ክበብ ነው። ባለፈው መንግሥት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቀይ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ ይዘን እንቀመጣለን፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተነትናል፣ ሦስተኛው ግለ ሂስ ያወርዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ የታተመ ወረቀት ባየሁ ቁጥር የሚያዛጋኝ ሆንኩ። በምትኩ ግን ሌላ ጥበብ ተካንኩ፤ ያላነበቡትን መተንተን። ምስጢሩ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ እስኪናገር ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ጉሮሮህን ጠራርገህ «ነገሩን ከሥሩ ስናየው» ትላለህ። ከሥሩ ያየው ስለሌለ የሚከራከርህም የለም።

መንግሥት ተለወጠ፣ ክበቡም ፈረሰ። ንባቤ ግን አልተመለሰም፤ ጥበቡ ብቻ ከእኔ ጋር ቀረ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ወደ አርባ ምንጭ ስዛወርም ከሻንጣዬ ጋር አብሮኝ ወረደ። ሲቀላ ገበያ ዳር ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰውዬ አንድ አንድ እየገዛሁ፣ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በከተማው እመላለሳለሁ። በዚያ ሙቀት ብብት ሥር የዋለ መጽሐፍ ይቀቀላል እንጂ አይነበብም። ሰው ግን የሚያየው ሽፋኑን ነው። በወሩ «አንባቢው» ተባልኩ።

የመሥሪያ ቤታችን የቀን ዘበኛ ከገረሴ ደጋ የወረደ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ እዚህ ቆላ ወርዶ እንኳ ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ ኃላፊ ይለኛል። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት መጽሐፉ ላብ በላብ ሆኖብኝ «ጋሼ፣ እስክወጣ ያዝልኝ» ብዬ ሰጠሁትና ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ኃላፊ፣ ጨረስኩት።»

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ። ያቺ ነጋዴ ሞተ።»

ቆሜ ሰማሁት። ነጋዴው እንዴት እንደከበረ፣ እንዴት እንደከሰረ፣ ከሰው ሁሉ ማን ብቻ ቀብሩ ላይ እንደተገኘ፣ አንድም ሳያስቀር ነገረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ ቤት ተቀምጠን ያንኑ ታሪክ ለባልደረቦቼ ዘረገፍኩት። የሰማሁትን ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ጠብና አንድ የእሳት ቃጠሎ ከራሴ መርቄበታለሁ። ሰዎቹ የዓሣ እሾህ በጣታቸው ይዘው ቀሩ። ሥራ አስኪያጃችን «ይህን መጽሐፍ አውሰኝ» አለኝ። ሥራ አስኪያጅ ከበታች ሠራተኛ የሚዋሰው ጃንጥላ ብቻ በነበረበት ዘመን!

ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ ቆመ። እኔ እገዛለሁ፣ ጋሼ ያነባል፣ ጠዋት በር ላይ ይነግረኛል፣ ምሳ ላይ እኔ እናገራለሁ። እሱ ያኝካል፣ እኔ እውጣለሁ። ምስኪኑ ሰው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ «አንተ መዝገብ ይበዛብሃል፣ እኔ እዚህ ቁጭ ነኝ» ይለኛል። መዝገቡ አቧራ ጠጥቶ ተኝቷል፣ እኔም ከጎኑ።

የመጽሐፍ ፍርዱ ደግሞ! አንዱን መጽሐፍ ሲያስረክበኝ እንዲህ አለኝ፦ «መጀመሪያው ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ገረሴ ጠዋት። ታገሥ፤ ፀሐይ ይወጣል።» ይህችን ቃል ምሳ ላይ አወጣኋት። በሳምንቱ የሒሳብ ሹሙ ሳይቀር ሪፖርት ሲያቀርብ «ታገሡ፣ ፀሐይ ትወጣለች» ማለት ጀመረ፣ አክሎም «አንባቢያችን እንዳለው» ይላል። በጥቅሱ ላይ የእኔ ድርሻ «ይወጣል» የሚለውን «ትወጣለች» ማድረግ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ አማርኛ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የኋላው ነገር አይገባም። አማርኛ ለእሱ አድጎ የተማረው ቋንቋ ነው፤ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ ያዞራል። አንድ ቀን መስኮቴ ሥር መጥቶ «ኃላፊ፣ ሚስትህ በር ላይ ቆሟል» አለኝ። አልሳቅሁም፤ የመሳቅ መብት አልነበረኝማ። የእኔ ጋሞኛ «ሳሮ» ከምትለው ሰላምታ አያልፍም፤ እሷንም ገበያ ላይ ስናገር ባለ ሙዞቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይንከተከታሉ። ባለቤቴን ስለማውቃት ጋሼ የተናገረውን በሆዴ አርሜ ሰማሁና ወጥቼ አገኘኋት። መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ደግሞ «ስም ቶሎ አይያዝልኝም» ብሎ ሁሉንም በሥራቸው ነው የሚጠራቸው፤ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ዳኛው።

ልብስ ሰፊው የመጣው በዚህ መሀል ነው።

«ልብስ ሰፊው ድሃ ነው» አለኝ ጋሼ አንድ ሰኞ ጠዋት። ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ የስፌት መኪና ብቻ አለው። ታናሽዬው ሰረቀ፣ ሸጠ። ሰፊው ለእናት አልነገረም። ‹መኪናው ለጥገና ሄዷል› እንኳ አላለም። ዝም ብሎ በእጅ ሰፋ። እናት ዓይኑ አያይም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰፋ። ሰፋ። ኃላፊ፣ ይሄ ከሁሉ ይበልጣል።»

ሲቀላ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግተው የሚሰፉት ሁሉ ወንዶች ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱን፣ ሱሪዬን ሁልጊዜ የሚያጠብብኝን ሰውዬ፣ አንሥቼ መጽሐፉ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምሳ ላይ ስናገር ደረቱ ላይ የሚደርስ ጢም አበቀልኩለት። ሲጨንቀው በመቀስ ጫፍ ያክከዋል። እንባው ጢሙ ላይ ሲወርድ ክር መስሎት ሊመዘው ይሞክራል። ይህን ስናገር ጸሐፊያችን አለቀሰች፤ እኔም በገዛ ፈጠራዬ ዓይኔ እርጥብ አለ።

በዚያው ሰሞን ለሠራተኛውና ለአካባቢው ሰው የምትሆን አንዲት የንባብ ክፍል መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ልትከፈት ሆነ። መጻሕፍት በካርቶን መጥተዋል፣ ወንበር ተሠርቷል፤ የቀረው ክፍሏን የሚጠብቅ፣ መጽሐፍ የሚያውስ፣ ለጠየቀ የሚመክር አንድ ሠራተኛ ነው። ጋሼ በር ላይ ማመልከቻውን አሳየኝ። በትላልቅ፣ ቀጥ ባሉ ፊደሎች የተጻፈች ግማሽ ገጽ ናት።

«የትምህርት ወረቀት የለኝም» አለኝ። «የመሠረተ ትምህርቷ ብቻ ነው ያለኝ። ሌሎቹ አመልካቾች አሥራ ሁለተኛ ጨርሰዋል። ግን እኔ እንደማነብ አንተ ታውቃለህ። ኮሚቴው ላይ ደግሞ አንተ አለህ። ትመሰክርልኛለህ?»

«ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ ጋሼ! ለእኔ ተወው።»

«ጡረታ ሳልወጣ እዚያ ውስጥ ብቀመጥ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ጠቅላላ ሁለት መደርደሪያ ለሆነች ክፍል ሰው እንዲህ ሲጓጓ አይቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሥራ አስኪያጃችን፣ እኔ፣ ከትምህርት ቤት የተጋበዘች አንዲት የአማርኛ መምህርት። መምህርቷ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። ማመልከቻዎቹ ተዘረጉ። ሥራ አስኪያጁ የጋሼን ሲያነሣ ቅንድቡም አብሮ ተነሣ።

«ይሄ የእኛው ዘበኛ አይደለም? ማንበብ ይችላል እንዴ? በየጠዋቱ ከእሱ ጋር ስትቆም አይሃለሁ፤ አንተ ታውቀዋለህ።»

አሁን ይኸውላችሁ። «ከእኔ ይልቅ ያነባል» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል። ነገር ግን ጋሼ ተጠርቶ እዚህ ከገባ፣ ይናገራል፤ ከተናገረ ደግሞ የሚናገረው ሁሉ የእኔ የምሳ ንግግር ነው። ያቺ የምወደሰባት የገረሴ ጠዋት እንኳ ባለቤቷ ማን እንደሆነ ይታወቃል። በስንት ምሳ የገነባሁት ዝና በአንድ ዘበኛ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

«ፊደል ሳይለይ አይቀርም» አልኩ።

ማመልከቻዋ ወደ ጠረጴዛው ዳር ተገፋች።

«በሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ሰውን ከመምረጣችን በፊት አንባቢያችን ለክፍሏ መክፈቻ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ይምከረን።»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ከልብስ ሰፊው ሌላ ምን ነበረኝ? ድህነቱን፣ ስርቆቱን፣ ዝምታውን አንድ በአንድ አወረድኩት፤ ጢሙ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን እየነቀነቀ ነው። መምህርቷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጢሙ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይነግሩኛል?»

«እ… መግቢያው አካባቢ ይመስለኛል።»

«መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ጢም አላየሁም።»

«በግልጽ ላይጻፍ ይችላል፣ መምህርት። ነገሩን ከሥሩ ስናየው—»

«ከሥሩም ከላዩም ሴት ናት።»

ውጭ የማንጎ ዛፍ ላይ አንድ ወፍ ጮኸ፤ በእኔ ይመስለኛል የሳቀው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ ጢሙን ማን ነገረህ?»

ሳልኩ። ሳሉ ሲያልቅ ሌላ ሳል ፈለግሁ። መምህርቷ ግን መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ክፋት በሌለው ሳቅ።

«ለእርስዎ ያወራልዎት ሰው አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለም» አለችኝ። «እናቴ አባቴን ዕድሜዋን ሙሉ ‹መጣች፣ ሄደች› እያለች ነው የኖረችው። አባቴ አንድም ቀን ቀሚስ አልለበሰም።» ከዚያ የተገፋችውን ማመልከቻ ሳብ አድርጋ አየቻት። «ይህን መጽሐፍ ስገባ ማን እጅ ላይ እንዳየሁት አሁን ትዝ አለኝ።»

ወጣችና ጋሼን ይዛ ተመለሰች። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እኔን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ ያስጠራሁት መስሎታል።

«ጋሼ፣ የልብስ ሰፊውን መጽሐፍ አንብበዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሰፊው ወንድ ነው ሴት?»

ጋሼ ወባ ይዟት እንደሆነ የሚመረምር ያህል አያት። «ሴት ነው እንጂ! ወንድ ቢሆንማ ታናሽዬው ደፍሮ ይሰርቀው ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። መምህርቷም «ሦስት ጊዜ ሳስተምር ይህን አስቤው አላውቅም» አለች። ከዚያ በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ያን ጊዜ ያየሁትን ሰው በር ላይ አይቼው አላውቅም። እጁ ተነሣ፣ ወገቡ ተቃና፣ ድምፁ አንዴ እናት፣ አንዴ ሌባ፣ አንዴ ጨርቅ ሆነ። እኔ የማውቃትን «ሳሮ» ፍለጋ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ አላገኘኋትም። መምህርቷ ግን መሀረብ አወጣች። በየጠዋቱ በር ላይ ስቀበል የኖርኩት ፍርፋሪውን ነበር ለካ።

ሥራውን አገኘ። መምህርቷ ስትወጣ ምንም አላለችኝም፤ ብቻ በሩ ጋ ስትደርስ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ የሌለ ጢም ዳሰሰች።

ጋሼ ክፍሏን በተረከበ ሳምንት ሄድኩ። የምሄድበት ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ በሩ ላይ የቆመው አዲስ ዘበኛ ከኳስ በቀር አያወራም፣ ምሳ ላይም የምናገረው አልቆብኝ ነበር። ጋሼ ካፖርቱን ለብሶ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። የልብስ ሰፊዋን መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

«እንግዲህ በር ላይ የለሁም። ራስህ አንብበው።»

በመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ አንብቤ ተኛሁ። ተኛሁ ስል አፌን ከፍቼ፣ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ፣ እያንኮራፋሁ ነው፤ ዓባያ ላይ ያሉ አዞዎች ዘመድ የጠራቸው መስሏቸው ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ጋሼ አየኝና ሌሎቹ እንዳያዩኝ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ። በሦስተኛው ቀን ሰርቄ ወደ መጨረሻው ገጽ ስገልጥ ከጠረጴዛው ማዶ «ኃላፊ፣ እሱን ተወው፤ ገና አልበሰለም» አለኝ።

በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን እዚያ ቦታ ደረስኩ። መኪናዋ ተሰርቃለች። ዓይነ ስውሯ እናት ውስጥ ቤት ተኝታ የመኪናዋን ድምፅ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ካለ ልጆቿ እንጀራ አላቸው ማለት ነው። ልጅቷ ጨርቁን በእጇ እየሰፋች፣ በባዶ እግሯ ወለሉን ትመታለች። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። እናቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት።

ቀና ስል ጋሼ እያየኝ ነበር።

«ይሄን አልነገርከኝም» አልኩት።

«እሱማ አይነገርም» አለ። «ብነግርህ ይበላሻል።»

ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ የሚያነበው ልጅ የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም፤ እዚያች ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እያነበበ ተገኘ። የዚያን ዓመት ዕረፍቴን በሙሉ እዚያው ጨረስኩት። ባለቤቴ «ሌላ ሴት ይዟል» ብላ ተከትላኝ መጣች፤ አየችኝ፤ የባሰ ተናደደች። እሷንም አስነበብኳት።

አሁንም ምን እናንብብ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያነበብኩትን ብቻ ነው የምመክረው፤ ዝርዝሩ ከድሮው በጣም አጥሯል። ልብስ ሰፊዋን አንብቡ፤ መጀመሪያው ቀዝቃዛ ነው፣ ታገሡት። ቀጥሎ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ የተጻፈ፣ የመጨረሻ ስምንት ገጾቹ የተገነጠሉ መጽሐፍ እዚያች ክፍል ነበር፤ አንባቢው ሁሉ ሰውዬውን በገዛ እጁ ይቀብረዋል ወይም ያድነዋል፤ እኔ ድሬዋለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ለአዞ ሰጥቶታል። ከዚያ፣ አትሳቁ፣ ስለ ዶሮ እርባታ የተጻፈች የግብርና መመሪያ አለች። ዶሮ የለኝም። ጸሐፊው ግን ለጫጩት ሲያዝን አንጀት ይበላል፤ ከብዙ ልብ ወለድ ትበልጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

መጽሐፉን የጨረስኩ ዕለት ጋሼ አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ጫኖ ካለው የአማቹ ማሳ ያስመጣው ነው፤ ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ ቢጫው የሚያበራ።

«ምንድነው ይሄ፣ ጋሼ?»

«አንተ ባትመሰክርልኝ እኔ እዚህ እቀመጥ ነበር?» አለ። «መምህርቷ ምንም አልነገረኝም፤ ግን እኔ አውቃለሁ። ለእኔ ተወው ብለህ አልነበር?»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ባይሆን ግማሹን ለልጆች ውሰድ» አልኩት። እሱም «የለም፣ ሁሉም ያንተ ነው» አለ።

አልመሰከርኩለትም። ፊደል ሳይለይ አይቀርም ነው ያልኩት። ሙዙን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፤ በአራት ቀን በላሁት፣ ጣፋጭ ነበር፣ ጋሼም እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።